«አይረን 5 ወር ዋጠ፤ ደሙ ግን አልጨመረም»

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂያችን የ8 ዓመት ልጅ እናት ናቸው፤ አሁን ደግሞ የ6 ወር ነፍሰ ጡር ናቸው። ልጃቸው ከጨቅላነቱ ጀምሮ ዓይኑ ቢጫ ይላል፣ ሲሮጥ ቶሎ ይደክማል። መጀመሪያ «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ሥር ጠጣ። ቀጥሎ «ደም ማነስ» ተባለና 5 ወር አይረን ወሰደ፤ ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ ሆስፒታል ደሙ በደንብ ሲታይ «ሄሬዲተሪ ስፌሮሳይቶሲስ» የሚባል፣ በዘር የሚወረስ የቀይ ደም ሴል ችግር እንዳለበት ተነገራቸው። የሚጠይቁት ብዙ ነው፦ አማታቸው «ደማችሁ ስላልተስማማ ነው» ይላሉ፣ እውነት ነው? የእርግዝና ክኒናቸውን ለልጁ እያካፈሉት ነው፣ ይበቃዋል? ጎረቤት «እንዲህ ያለበት ሰው ባቄላ አይበላም» ብላለች፤ ይከልክሉት? ጣፊያው ይውጣ ወይስ ይቆይ? ለሥራ ወደ ሸዋ ሮቢት ለመውረድ አስበዋል፣ ያስፈራል? የሚወለደውስ? በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ደግሞ «ባለቤቴም ዓይኑ አንዳንዴ እንደዚሁ ነው፤ በ24 ዓመቱ የሐሞት ጠጠር ተብሎ ቀዶ ሕክምና አድርጓል» ብለዋል።

እህታችን፣ ከክኒኑ እንጀምር፤ ለነገ የሚባል አይደለምና። በእርግዝና ክትትል የሚሰጥዎ ክኒን 60 ሚሊ ግራም አይረንና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ አብሮ የያዘ ነው። ለእርስዎና ለጽንሱ የተመጠነ ስለሆነ ሳያካፍሉ ይዋጡት። ልጅዎ ግን ከእሱ የሚያገኘው፣ የማይፈልገውን አብዝቶ የሚፈልገውን አሳንሶ ነው። ለእሱ የሚሆነው ፎሊክ አሲድ ብቻውን ነው፤ መድኃኒት ቤት በ5 ሚሊ ግራም ክኒን ይገኛል። ዕድሜው ከ5 ዓመት በላይ ለሆነና ደሙ በዚህ መጠን ለሚፈርስበት ልጅ በቀን ከ2.5 እስከ 5 ሚሊ ግራም ይታዘዛል፤ የትኛው እንደሚሆን ሐኪሙ ይጻፍልዎ። «5 ሚሊ ግራሙን ከእኔ ክኒን ላሟላ» ቢሉ 12 ክኒን ተኩል ይፈጃል፤ በዚያ ውስጥ 750 ሚሊ ግራም አይረን አለ፤ ይህ በእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚመርዝ መጠን ነው። ክኒኑን ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት።

አይረኑ ያልሠራለት ለምን እንደሆነ ቢገባዎ ሌላው ሁሉ ይቀልዎታል። ደም ማነስ ሲባል ብዙ ሰው፣ አንዳንዴም መድኃኒት ጻፊው ራሱ፣ አይረን ብቻ ይታየዋል። አይረን የሚጠቅመው ለደም መሥሪያ የሚሆነው ነገር ለጎደለው ሰው ነው። የልጅዎ መቅኔ ምንም አልጎደለውም፤ እንዲያውም ከጤነኛ ልጅ አብልጦ ደም እየሠራ ነው። የተሠራው ግን አይቆይም። ጤነኛ ቀይ ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል። የሴሉን ሽፋን ከውስጥ ደግፈው የሚይዙ አንኪሪን፣ ስፔክትሪን፣ ባንድ 3 የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ከእነዚህ በአንዱ ላይ የተወረሰ ጉድለት ካለ ሽፋኑ በትንሽ በትንሹ እየተቆረሰ ይሄዳል። መሐሉ ጎድጎድ ያለ ጠፍጣፋ የነበረው ሴል ሽፋን ሲያጥረው ድቡልቡል ይሆናል። ጣፊያ ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች ደግሞ ከሴሉ ከራሱ የጠበቡ ናቸው። አየር የጎደለው ኳስ ተጣጥፎ በጠባብ ቀዳዳ ያልፋል፤ ጥግብ ብሎ የተነፋው እዚያው ይቀራል። ድቡልቡሉ ሴልም ጣፊያ ውስጥ ተይዞ ይፈርሳል። ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባለው ቢጫ ነገር ይወጣል፤ የልጅዎን ዓይን ያቀለመው እሱ ነው። ከፈረሰው ሴል የሚወጣውን አይረን ሰውነት አይጥለውም፣ መልሶ ደም ይሠራበታል። ፎሊክ አሲድ ግን አዲስ ሴል በተሠራ ቁጥር ስለሚያልቅ ከውጭ መተካት አለበት።

እንግዲህ ቢጫነቱ ከጉበት የመጣ አይደለም። አይጋባም፤ ብርጭቆም ሆነ ሳህን መለየት አያስፈልግም። ሥር ማጠጣቱ ግን ይቁም፤ ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ደህና የነበረውን ጉበት ሊጎዳው ይችላል። ጠበሉ ይቀጥል፣ ክኒኑም አብሮ ይቀጥል።

አሁን የላኩልንን ወረቀት እናንብበው። ሄሞግሎቢኑ፣ ማለትም በቀይ ሴሉ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ በዴሲ ሊትር 8.9 ግራም ነው። ኤም.ሲ.ኤች.ሲ. የሚለው፣ ማለትም በሴሉ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ምን ያህል የታጨቀ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር፣ 37.2 ነው። የተለመደው ከ32 እስከ 36 ነው፤ አይረን የጎደለው ልጅ ከዚያ በታች ይወርዳል እንጂ ከላይ አይወጣም። ሬቲኩሎሳይት፣ ማለትም ከመቅኔ ገና የወጡት ወጣት ሴሎች፣ 9 በመቶ ሆነዋል፤ በጤነኛ ልጅ ከ2 በመቶ ብዙም አያልፉም። መቅኔው እየተጋ መሆኑን የሚመሰክረው ይህ ነው። ጠቅላላ ቢሊሩቢኑ 3.1 ሲሆን ቀጥተኛ የሚባለው ክፍል 0.4 ብቻ ነው፤ ይህም ከመፍረስ እንጂ ከጉበት ወይም ከሐሞት መዘጋት እንዳልመጣ ያሳያል። በማይክሮስኮፕ ድቡልቡል ሴሎች ታይተዋል። «ኩምብስ ኔጌቲቭ» የሚለው መስመር ደግሞ የሰውነቱ መከላከያ የገዛ ደሙን እያጠቃ እንዳልሆነ ይናገራል፤ ድቡልቡል ሴል በዚያም ሊመጣ ስለሚችል ይህ መታየቱ ግድ ነበር።

እነዚህ ተደምረው ልጅዎን መካከለኛ ከሚባለው ደረጃ ያስገቡታል፦ ሄሞግሎቢን ከ8 እስከ 12፣ ሬቲኩሎሳይት ከ6 በመቶ በላይ፣ ቢሊሩቢን ከ2 በላይ። አንድ ነገር ግን እናክል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን ከፍ ይላል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስን ሲመዝን ከተለካው ላይ ከ1 እስከ 2 ግራም ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 8.9ን ቆላ ላይ እንደተለካ 8.9 አድርጎ መዝናናት አይገባም። እኛ ከቁጥሩ ይልቅ ቁመቱንና ክብደቱን፣ ከትምህርት ቤት የሚቀርበትን ቀን፣ ከእኩዮቹ ጋር መሮጥ መቻሉን እናያለን፤ እርስዎም በየ6 ወሩ ክብደቱንና ቁመቱን አስለክተው ይመዝግቡ።

«አዲስ አበባ ወስዳችሁ ሌላ ምርመራ አሠሩለት» የሚላችሁ ካለ አትቸኩሉ። ቤተሰብ ውስጥ ያለ ሰው ምልክቱ ካለበት፣ በማይክሮስኮፕ የታየው የደሙ ምስልና ቁጥሩም እንዲህ ከተስማሙ፣ በሽታውን ለማወቅ ተጨማሪ ምርመራ አያስፈልግም። ኦስሞቲክ ፍራጂሊቲ የሚባለው በጨው ውኃ የሚደረገው ምርመራ እንኳ በሽታው እያለ «የለም» የሚልበት ጊዜ አለ።

ቤተሰብ ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ሳይገምቱ አይቀሩም። ገና በ24 ዓመቱ የሐሞት ጠጠር ያወጣና ዓይኑ ቢጫ የሚል ሰው ደሙ ሊመረመር ይገባል። ባለቤትዎ የደም ቆጠራ ከነሬቲኩሎሳይቱ፣ ቢሊሩቢንና የደም ምስል ይሠሩ። ይህ በሽታ ከ4 ቤተሰብ በ3ቱ ገደማ ከአንድ ወላጅ ብቻ ይወረሳል፤ በአንድ ቤትም ውስጥ አባቱ ሳይታወቅበት ዕድሜውን ሲገፋ ልጁ ሊጠናበት ይችላል። የአማትዎ ቃል ግን ከሌላ ጉዳይ የተቀላቀለ ነው። የእናትና የጽንስ ደም አለመስማማት የሚባለው ከደም ዓይነት ጋር የተያያዘ ሲሆን የሚጎዳው ጽንሱንና አራሱን ሕፃን ነው፤ 8 ዓመት ሙሉ አይዘልቅም። ባልና ሚስት ስለተጋቡ የመጣ ነገር የለም፤ አባትየውም ከወላጆቻቸው ተቀብለው ይሆናልና ማንም የሚወቀስ አይደለም።

ባቄላውን በተመለከተ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ተቀምጦ ባቄላ መከልከል ልጁን ከሽሮውም፣ ከእሸቱም፣ ከንፍሮውም ማለያየት ነው፤ ያለ ምክንያት መደረግ የለበትም። ጎረቤትዎ የሰሙት ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ስለሚጎድላቸው ሰዎች ነው። ያም በዘር የሚመጣ የቀይ ደም ሴል ችግር ነው፤ ግን ሌላ ነው። የሚበዛው በወንዶች ላይ ሲሆን፣ ሰውየው በደህናው ቀን ምንም አይታይበትም። ባቄላ፣ በተለይ እሸቱን፣ ከበላ ወይም እንደ ፕሪማኪን ያለ የወባ መድኃኒት ከወሰደ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ደሙ በአንድ ጊዜ ይፈርስና ሽንቱ እንደ ቡና ይጠቁራል። የእርስዎ ልጅ እሸት በልቶ ሽንቱ ጠቁሮ የማያውቅ ከሆነ ይብላ። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራና ጎመን እንዲያውም ፎሊክ አሲድ ያላቸው ናቸው፤ ጎመኑ ብዙ ባይንተከተክ ይመረጣል። ምግቡ ግን ክኒኑን አይተካም።

ከሁሉ በላይ እንዲያውቁት የምንፈልገው ይህን ነው። አንድ ቀን ጉንፋን የመሰለ ትኩሳት ይይዘውና፣ በሳምንት ውስጥ ዓይኑ ከቢጫነት ወደ ነጭነት ይመለሳል። ቤተሰቡ «ተሻለው» ይላል። የልጁ ከንፈርና መዳፍ ግን ወረቀት መስሏል፣ ልቡ ይመታል፣ ሁለት እርምጃ ሲሄድ ያለከልካል። ይህ ፓርቮቫይረስ ቢ19 የሚባል ቫይረስ መቅኔውን ለጊዜው ሲያስቆመው የሚመጣ ነው። ጤነኛ ልጅ ሴሎቹ 120 ቀን ስለሚቆዩለት መቅኔው ለ10 ቀን ቢቆም አይታወቅበትም። የልጅዎ ሴሎች ግን ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ አዲስ ካልገባ ሄሞግሎቢኑ በጥቂት ቀን ውስጥ ያሽቆለቁላል። ቢጫነቱ የጠፋው የሚፈርስ ሴል ስለተመናመነ ነው። ያኔ ጤና ጣቢያ ቆይታችሁ ጊዜ አታባክኑ፤ ደም መስጠት ወደሚችል ሆስፒታል በዚያው ቀን ውሰዱት። «ሬቲኩሎሳይቱን እዩልን» በሉ፤ 9 በመቶ የነበረው ወደ ዜሮ ተጠግቶ ከተገኘ ነገሩ ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ ደም ተሰጥቶት በ10 እና በ14 ቀን መካከል መቅኔው ራሱ ይነሣል፤ ያው ሰውም ዳግመኛ አያጋጥመውም ማለት ይቻላል። ቫይረሱ ግን ይተላለፋል፤ ለጽንስም አደጋ ስላለው፣ ከወሊድ በፊት ከገጠመ ለእርግዝና ክትትል ባለሙያዎ ይንገሩ።

ለዚህ የሚረዳ አንድ ወረቀት ያዘጋጁለት። በደህና ቀኑ ሄሞግሎቢኑ ስንት እንደሆነ፣ ሬቲኩሎሳይቱ፣ ቢሊሩቢኑ፣ ጣፊያው ከጎድን አጥንቱ በታች ስንት ጣት እንደሚወርድ፣ የደም ዓይነቱና የበሽታው ስም ይጻፍበትና የሐኪሙ ማኅተም ይረፍበት። የማያውቀው ሐኪም 8.9ን አይቶ ደንግጦ ደም እንዳያዝለት፣ ወይም 6ን አይቶ «በሽታው ነው» ብሎ እንዳያልፈው የሚያደርገው ይህ ወረቀት ነው።

የሐሞት ጠጠርም ከዚሁ ከመፍረሱ የሚመጣ ነው፤ ቢሊሩቢኑ ሐሞት ከረጢት ውስጥ ይጠጥራል። ልጅዎ ሆዱ በአልትራሳውንድ ታይቶ የማያውቅ ከሆነ አሁን ይታይ፤ ከዚያ በኋላ በየጥቂት ዓመቱ። ቅባት ከበላ በኋላ ቀኝ ጎኑን ከጎድኑ ሥር የሚያመው፣ ወይም ሽንቱ ጠቁሮ ሰገራው የሚነጣ፣ በላዩም ትኩሳት ያለው ከሆነ ጠጠር መንገድ ዘግቶ ሊሆን ይችላልና አያሳድሩት።

ጣፊያ ማውጣትን በሚመለከት ያለን አቋም ግልጽ ነው፤ አሁን አያስቸኩልም። ጣፊያው ሲወጣ ሴሎቹ ድቡልቡል እንደሆኑ ይቀራሉ፤ ማፍረሻው ስለሌለ ግን ይቆያሉ፤ ሄሞግሎቢኑ ይጨምራል፣ ቢጫነቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ይሠራል። ነገር ግን ጣፊያ ደም ውስጥ የገቡ ጀርሞችን፣ በተለይ ኒሞኮከስ የሚባለውን፣ የሚያጣራ አካል ነው። የሌለው ልጅ ጠዋት ትኩሳት ጀምሮት በማግስቱ ሊሞት የሚችልበት ኢንፌክሽን አለ፤ ይህ አደጋ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ለዚህ ነው ከ6 ዓመት በፊት እንዳይወጣ የሚመከረው፣ ቀላል ለሆነባቸው ደግሞ ጨርሶ የማይወጣው። መካከለኛ ለሆነ ልጅ ጥያቄው የሚነሣው እድገቱ ወደ ኋላ ሲቀር፣ በድካም ምክንያት ትምህርቱ ሲበደል፣ ወይም ደም መውሰድ ሲደጋገምበት ነው። እርስዎ እንደጻፉልን ልጁ ክፍሉን አያቋርጥም፣ ደምም ወስዶ አያውቅም። ጠብቁ።

አንድ ቀን ይውጣ ከተባለ፣ ቀጠሮ ከመያዙ በፊት ጥቂት ነገር መሟላት አለበት። የክትባት ካርዱን ይፈልጉ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ፔንታቫለንትና ፒሲቪ ወስዶ ከሆነ ሂብ ከሚባለው ጀርምና ከኒሞኮከስ የመከላከል መነሻ አለው። ተጨማሪው የኒሞኮከስና የማጅራት ገትር ክትባት ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ መሰጠት አለበት፤ ጣፊያው ከወጣ በኋላ ሰውነቱ ለክትባት የሚሰጠው ምላሽ ይዳከማልና። የት እንደሚገኝ ሐኪሙን አስቀድመው ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ፔኒሲሊን ቪ፣ በእሱ ዕድሜ 250 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ለዓመታት ይዋጣል፤ ከጠፋ ሐኪሙ በአሞክሳሲሊን ይተካዋል። ይህን በየወሩ ማግኘት አንችልም የምትሉ ከሆነ ያ ራሱ ላለማውጣት በቂ ምክንያት ነው። የሐሞት ጠጠር የሚያሠቃየው ከሆነም ሁለቱ በአንድ ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ። ለሁሉም የጤና መድህን ካላችሁ ሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በደረጃው አስጽፉ፤ በቀጥታ ከሄዳችሁ ወጪው በእናንተ ላይ ይወድቃል።

እስከዚያው ጣፊያው አብጦ ወደ ታች ስለወረደ ሆዱ ላይ ከሚመታ ነገር ይጠበቅ። እግር ኳስ በመጠኑ ይጫወት፤ ትግልና በገና ሰሞን የሚደረገው የዱላ ግጥሚያ ግን ይቅርበት፤ ያኮርፍ ይሆናል።

ሸዋ ሮቢትን ያነሡት በጊዜው ነው። ከደጋው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ስትወርዱ ወባ አለ። ወባ ቀይ ሴልን የሚያፈርስ በሽታ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ለሚፈርስበት ልጅ ድርብ ጉዳት ነው። ጣፊያ ለሌለው ልጅ ደግሞ የከፋ ይሆናል፤ ወባ የያዘውን ሴል የሚያጣራውም ጣፊያ ነውና። የመውረዱ ሐሳብ የጸና ከሆነ ጣፊያውን ላለመንካት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አገኛችሁ ማለት ነው። አትውረዱ አንልም፤ ማሾም ሽንኩርትም የሚያበላ ሥራ ነው። ልጁ ግን በየሌሊቱ አጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ትኩሳት በያዘው ዕለት ጣቱን ይመርመር እንጂ «ዓይኑ ድሮም ቢጫ ነው» ተብሎ አይደር። ወባ ከተገኘበትና ፕሪማኪን ከታዘዘለት ስለ ጂ6ፒዲ ይጠይቁ፤ አንዱ በሽታ ስላለበት ሌላው የለበትም ማለት አይቻልም። ቆላ ያለ ባለሙያ ያበጠ ጣፊያ ሲዳስስ መጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው፤ ያቺን ወረቀት ያሳዩት።

የሚወለደው ልጅ፣ አባትየው በሽታው እንዳለባቸው ከተረጋገጠ፣ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ወንድ ይሁን ሴት ለውጥ የለውም፤ የመጀመሪያው ስለወረሰም ሁለተኛው አይተርፍም ወይም ይተርፋል አይባልም። ቤት ሳይሆን ሆስፒታል ይውለዱ፤ ለአዋላጇም «ወንድሙ ስፌሮሳይቶሲስ አለበት» ብለው አስቀድመው ይንገሩ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ዓይኑ ወይም ቆዳው ቢጫ ካለ ቢሊሩቢኑ በዚያው ሰዓት ይለካ። በጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ለዚህ አይበቃም፤ የሚያስፈልገው ሆስፒታል ያለው ሰማያዊ መብራት ነው፤ ከልክ ያለፈ ቢሊሩቢን አንጎል ይጎዳልና። ደህና ሆኖ ቢወጣም ነገሩ አላለቀም። የአራስ መቅኔ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀርፋፋ ስለሆነ፣ ሲወለድ መልካም የነበረው ሄሞግሎቢን ከ2ኛው ሳምንት በኋላ በፍጥነት ሊወርድ ይችላል። በ2 ሳምንት፣ በወሩና በሁለት ወሩ ያስለኩለት። ጡት መጥባት ከሰነፈ፣ ሲጠባ ካላበውና ካለከለከ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ይሂዱ፤ አንዳንድ ሕፃናት በመጀመሪያው ዓመት ደም ይፈልጋሉ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ካደጉ በኋላ አያስፈልጋቸውም። የደሙ ምስል በጨቅላነቱ ግልጽ ካልሆነ ከ6 ወሩ በኋላ ይደገም።